የታመመውን ማስረከብ

በአማርኛችን «ከሆስፒታል ወጣ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ «ዳነ» ማለት ነው። ዜናውን የሰማ ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረው» እያለ ይመጣል፤ ዳቦውና ብርቱካኑ ይደረደራል፤ ቤቱም ለአንድ ሳምንት ያህል በጠያቂ ይሞላል። የስትሮክ ሕመምተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ሆስፒታሉን የሚለቀው ለሕይወቱ የሚያሰጋው ጊዜ ስላለፈና አልጋው ለሌላ በሽተኛ ስለሚፈለግ ነው። ግማሽ አካሉ ገና አይታዘዝለትም፤ አንደበቱ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል። እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ሕመምተኛው የሆስፒታሉን በር አልፎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ወራት፣ ስለ እርሱ ተጠያቂው ማን ነው?

ነገሩን በአሳብ ብቻ እንዳልመለከተው የሚያደርገኝ አንድ ትዝታ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ቁምስና የሚኖሩ አንድ ሸማኔ በስትሮክ ተመትተው ሁለት ሳምንት ያህል ከተኙ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ለባለቤታቸው የተሰጣቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀትና የአንድ ወር የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። ወረቀቱን ከጋብቻ ምስክር ወረቀታቸው ጋር በሣጥን አኖሩት። ኪኒኑ ሲያልቅ ሕክምናውም ያለቀ መሰላቸው፤ እንዲህ አለመሆኑን የነገራቸው፣ ወይም ነግሯቸው እንደ ሆነ መረዳታቸውን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። እኔም በየዓርቡ ቅዱስ ቁርባን ይዤ እሄድ ነበር። ጸሎት አደርሳለሁ፣ አጽናናለሁ፣ ቡና እጠጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ «መድኃኒቱ አለ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። በአራተኛው ወር ሕመሙ ዳግመኛ መታቸው፤ ተርፎ የነበረውንም ጥቂት ንግግር ወሰደባቸው።

ሐኪሙን መውቀስ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ በኮሪደሩ ላይ የሚጠባበቀውን ሌላ በሽተኛ እያዩ አልጋ ማስለቀቅ ራሱ የፍትሕ ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም። ሰውየውን ለምን ላካችሁት ማለት አይገባኝም፤ እንዴት አድርጋችሁ አስረከባችሁት ማለት ግን ይገባኛል። ጥያቄው ደግሞ ወደ እኔም ይመለሳል፤ ከተረካቢዎቹ አንዱ ነበርሁና።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለሚገኘው ደጉ ሳምራዊ ስንሰብክ፣ ቁስሉን በዘይትና በወይን ማከሙን እናደንቅና የታሪኩን መጨረሻ ቸኩለን እናልፈዋለን። ሳምራዊው የራሱ መንገድ ነበረበት፤ ቁስለኛው እስኪድን ድረስ አልቆየም፤ ለሌላ ሰው አስረከበው። ይሁን እንጂ ሌሊቱን አብሮት አደረ፤ በማግሥቱም የእንግዳ ማረፊያውን ጠባቂ አደራ ብሎ፣ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ተመልሶ እንደሚመጣና የጎደለውን እንደሚከፍል ቃል ገባ። እኛም አደራ ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። አደራ የሚቀበል ሰው ምን እንደ ተቀበለ ሊያውቅ፣ የሚሸከምበትም አቅም ሊኖረው ይገባል፤ አደራ ሰጪውም ዞር ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሳይሟላ የተደረገ ማስረከብ፣ በጨዋ ቋንቋ የተሸፈነ መጣል ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

አስታማሚዋ ከመውጫው ቀን በፊት በነርሷ ፊት በገዛ እጇ ልትለማመዳቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ራሱን ማገላበጥ የማይችለው ሕመምተኛ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት። ሲነሣ በሰነፈው ክንዱ መጎተት የለበትም፤ ትከሻው ይወልቃልና። ተኝቶ ሳለ አይጎረስም፤ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጎረሳል፤ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያስከትለው የሳንባ ምች ስትሮክን ያመለጠውን ሰው ሊገድል ይችላል። ፊት በድንገት ቢጣመም፣ ክንድ ቢዝል ወይም ንግግር ቢኮላተፍ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል። ደግሞም የቤቱ ነገር ይጠየቅ፦ መጸዳጃው ከግቢው ማዶ ነውን? ቀን ቀን አብሮት የሚውል ማን ነው? ኪኒኑ ሲያልቅ ከየት ይገኛል? ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ውድ መሣሪያ አያሻም።

እንደ ስዊድን፣ ኖርዌይና ብሪታንያ ባሉ አገሮች የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስትና ነርስ ሕመምተኛውን እስከ ቤቱ ተከትለው ለተወሰኑ ሳምንታት የሚረዱበት አሠራር አለ፤ ጉዳታቸው ቀላልና መካከለኛ ለሆኑ ሕመምተኞችም መጥቀሙ በጥናት ታይቷል። ባለሙያ በሚያንስበት አገር ግን «ቤተሰቡን አስተምረን እንልቀቀው» ማለት ይቀናል። በህንድ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 ሕመምተኞችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትኖ ነበር። ቤተሰቡ ሰልጥኖ በቤት ውስጥ ሕመምተኛውን ቢያለማምድም፣ ከስድስት ወር በኋላ በሞትም ሆነ በሰው እርዳታ ሥር በመዋል ረገድ ከተለመደው አያያዝ የተሻለ ውጤት አልታየም። ስለዚህ ቤተሰቡን ማስተማር ግዴታ ቢሆንም፣ ሸክሙን ሁሉ በቤተሰብ ላይ ለመጣል ምክንያት ሊሆን አይችልም። ቤተሰብ ስንልም እኮ በተግባር አንዲት ሴት ማለታችን ነው፤ ሚስት ወይም ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ። ብዙዎቹ ዕድሮቻችን ለቀብር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አላቸው። ይህቺን ሴት ገበያ ደርሳ እስክትመለስ የሚተካት ሰው ግን የላቸውም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት የሚሄዱ ሠራተኞችን አስገኝቷል። ሆስፒታሉ ሕመምተኛው መውጣቱን ካላሳወቃቸው ግን ከየት ያውቃሉ? ቁምስናው ሊነግራቸው ይችላል። ካቴኪስቱም ሲጠይቅ ከጸሎቱ በፊት ኪኒኑን ይይ።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር ቀርቷል። አንደበቱ የተያዘ ሰው አእምሮውም የተያዘ ይመስለናል። በፊቱ ስለ እርሱ እንደ ሌለ ሰው እንነጋገራለን፤ የት እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚያጥበው፣ መሬቱ እንዲሸጥ ሳይቀር እንወስናለን። ንግግር ያጣ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ከምናስበው በላይ ያስተውላል፤ ጥያቄው በአጭሩ ከቀረበለትና ጊዜ ከተሰጠው በራሱ ንቅናቄ ወይም በእጁ ይመልሳል።

ሸማኔው ዛሬም በሕይወት አሉ። ከካቴኪስቶቻችን አንዲቱ እህት ኪኒኑ የሚያልቅበትን ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ታከብባለች። ባለፈው ወር ዘንግታው ኖሮ፣ ጸሎቱ አልቆ ልንወጣ ስንነሣ እርሳቸው ግራ እጃቸውን አንሥተው ወደ ግድግዳው አመለከቱ።