የአምስተኛው ወታደር ትከሻ

ሌሊቱን አረጋውያን ስጠብቅ አድሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ስገባ እንቅልፍ ቶሎ አይወስደኝም። ዳዊቴን እደግማለሁ፤ ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ወደተሰለፉት ወታደሮች እዞራለሁ። አውራ ጣት የሚያክሉ የፕላስቲክ ወታደሮች ናቸው፤ ቆርጠህ፣ አጣብቀህ፣ ቀለም ቀብተህ ጠረጴዛ ላይ የምታዋጋቸው። የምኖረው ኖቲንግሃም ነው፤ ወርሃመር የተባለውን ጨዋታ የሚያወጣው ኩባንያ መቀመጫም እዚሁ ነው። ልክፍቱን ያጋባብኝ ግን የወንድሜ ልጅ ነው። እናቴ ከደብረ ማርቆስ በቪዲዮ አይታኝ «አንተ ልጅ፣ ቅኔ ቤት የላክሁህ ጣዖት እንድትጠርብ ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ከልቤ ግን አልነበረም።

ማግኔት ውስጥ የገባሁት በማጣበቂያ ተማርሬ ነው። አንዱ ወታደር ከሳጥኑ ሲወጣ ሦስት አራት ዓይነት መሣሪያ አብሮት ይመጣል፤ ባላንጣህ ደግሞ እጁ ላይ የሚታየውን እንዲተኩስ ይጠብቃል። በሱፐር ግሉ ካጣበቅኸው አለቀ፣ ደቀቀ። ደንቡ ደግሞ አይረጋም፤ እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ2020፣ በ2023 አዲስ መጽሐፍ ወጣ፤ ትናንት ያስፈራ የነበረው መሣሪያ ዛሬ ከቁም ነገር አይገባም። ስለዚህ ትከሻውንም ክንዱንም ሰርስረህ በየቀዳዳው ማግኔት ትቀብራለህ፤ ክንዱ ይወልቃል፣ ሌላው ይገባል። ለእግረኛ ክንድ 3 ሚሊሜትር ስፋት፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል፤ ለታንክ መድፍ 5 በ2 ይሻላል። ሻጮች ኃይለኛውን ኤን52 ያወድሳሉ፤ ለክንድ ኤን35 ምን አነሰው? (ሕፃን ያለበት ቤት ግን ቆልፉበት። ሁለት ከዋጠ አንጀት መሃል ይሳሳባሉ።)

ጣጣው ፊቱ ላይ ነው። የማግኔት አንዱ ፊት የሚስበውን ሌላው ይገፋዋል፤ በዓይን ግን አይለዩም፣ ሁለቱም በኒኬል ያብለጨልጫሉ። ስለዚህ ከቁልሉ አንድ በአንድ ሳነሣ የላይኛውን ፊት በቀይ ማርከር እነካዋለሁ፤ በትከሻ ላይ ቀዩ ይታያል፣ በክንድ ላይ ቀዩ ይቀበራል። ከአሥሩ ዘጠኙ ያለችግር አለፉ። አምስተኛው ላይ ግን ወረንጦዬ የብረት መሆኑን ዘነጋሁ። ማግኔቱ ከቀዳዳው ዘሎ ወረንጦው ላይ ተገልብጦ ተለጠፈ፤ እንቅልፍ ባንገላታው ዓይኔ ሳላጣራ መልሼ ጫንሁት። ሙጫው ደረቀ። ክንዱን ሳስጠጋው ጣቶቼ መሃል ተሽከርክሮ ጀርባውን ሰጠ።

«እምቢ አለ!» አልሁ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን።

እምቢታ ፈቃድ ይጠይቃል። ጥፋቱ የማን ነው? የክንዱ? የወረንጦው? ወይስ ሳይተኛ ያደረው የእኔ? ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ የሸክላ ሠሪውንና የጭቃውን ነገር ያነሣል። ልጅ ሆኜ ሲነበብ ስሰማ ሁልጊዜ የማዝነው ለጭቃው ነበር። ዛሬ በሠሪው ወንበር ተቀምጬ ሳየው ያጠፋው ሠሪው ነው፤ የምናገረው ግን እንደ እኔ ስላለው እንቅልፋም ሠሪ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ አልወጣም።

አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ፣ በ21ኛው ክፍል፣ ማግኔትን መጀመሪያ ሲያይ እንደደነገጠ ይተርካል፤ ቀለበት ቀለበትን ይዞ፣ አንዱ በሌላው ሳይቆላለፍ ሰንሰለት ሲሆን። የሚሌቪሱ ጳጳስ ሴቬሩስ በማዕድ ላይ ያየውንም ይጨምራል፤ ብረት በብር ሳህን ላይ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ ማግኔቱን ከሳህኑ ሥር ሲያንቀሳቅስ ብረቱ ከላይ ይከተለዋል፤ ብሩ ግን ምንም አይሆንም። አውግስጢኖስ ይህን የጠቀሰው ምክንያቱ ስላልተገኘ ብቻ ነገር አይካድም ለማለት ነው። እኔን የያዘኝ የብረቱ ነገር ነው። ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? ፈላስፋው ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1710 ባሳተመው «ቴዎዲሲ» ስለ ኮምፓስ መርፌ እንዲሁ አስቧል፤ ወደ ሰሜን መዞር ደስ ቢላት፣ የሚያዞራትን ስለማታይ በራሴ ዞርሁ ባለች።

እኔም ቅኔ ቤቱን ትቼ የወጣሁት በገዛ ፈቃዴ ነው እላለሁ። አባቴ የሞተበት ዓመት ነበር፤ ጤፉም አልያዘም። ከሳህኑ ሥር የማን እጅ ነበር?

የተገለበጠውን ማግኔት ሰርስሬ ሳወጣው እንደ ብርጭቆ ተሰባበረ፤ ቀዳዳውም ሰፋ። የወንድሜ ልጅ መጥቶ አየና «ጋሼ፣ ለምን የሚስማር ጭንቅላት አታስገባበትም?» አለኝ። ቆርጬ አስገባሁ። ብረት ወገን የለውም፤ በየትኛውም ፊት ብትመጣበት ይቀበላል። ቀይ ምልክት ቀረ፣ መገልበጥ ቀረ፣ እምቢታም ቀረ።

ክንዱ ግን ያዘነብላል። ሁለት ማግኔት ፊት ለፊት ሲገናኝ ጠቅ ብሎ ይገጥማል፤ ወታደሩን በክንዱ ብታነሣው አይለይም። ከሚስማሩ ጋር ግን ትንሽ ስትነካው ይንሸራተታል። ሁለቱን ወታደሮች፣ ስድስተኛውንና አምስተኛውን፣ በየተራ እያነሣሁ ብዙ ጠዋት ቆየሁ። ያን ቀን እምቢ ያስባለው ኃይልና ስድስተኛውን አጥብቆ ያስያዘው ኃይል ሁለት አይደሉም። እምቢታውን ስነቅል መያዣውንም አብሬ ነቅያለሁ። የፈቃድን ነገር ያስተማሩን አባቶች ይህንኑ በሌላ ቃል ነግረውን ይሆን? ያኔ እኔ ስለ ምሳ ሳስብ ነበር።

ቅዳሜ ከልጁ ጋር ተጋጠምን። አምስተኛውን ኮረብታው ላይ አወጣሁት፤ ዳይሱን ወረወርሁ፤ ጠረጴዛው ተነቃነቀ።

«ጋሼ፣ ክንድህ ወደቀ» አለኝ፣ ከጠረጴዛው ሥር እየፈለገ።