ሰው ስለ ሌለው ሰው

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ጧት በወደድህ ሰዓት ከአልጋህ ተነሥተህ፥ ፊትህን ታጥበህ፥ ልብስህን ለብሰህ ወጣህ። ለዚህስ ማንን ለመንህ? በኢየሩሳሌም በመጠመቂያው አጠገብ 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው አስብ፤ እርሱን የቸገረው ውሃ አልነበረም፥ ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ነበረ እንጂ።

ይህን የመሰለውን ችግር ያቃልል ዘንድ የብሪታንያ መንግሥት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. አንድ የርዳታ ድርጅት መሠረተ። አካላቸው እጅግ የተጐዳ ሰዎች ከዚያ ገንዘብ እየተቀበሉ፥ የሚያለብሳቸውንና የሚያጐርሳቸውን ረዳት ራሳቸው መርጠው ይቀጥሩ ነበር። በመጦሪያ ቤት የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሣው አስተዳዳሪው በወሰነው ሰዓት ነው፤ ረዳቱን የቀጠረ ግን ሰዓቱን ራሱ ይናገራል። ይህ ነገር ለጤነኛ ትንሽ ይመስለዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ርዳታ ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ? ምጽዋት ከሆነ፥ ሰጪው ዛሬ ሰጥቶ ነገ ቢተው የሚከሰው የለም። (ምጽዋትንም የምንወድደው ምስጋና ስለሚያስገኝልን ይሆናል፤ ግብር የከፈለውን ግን ማን ያመሰግነዋል?) ቤት የተከራየ፥ ረዳትም የቀጠረ ሰው ነገ በሚቀር ነገር ላይ ኑሮውን ሊሠራ አይችልም።

«የመንግሥት ገንዘብ ልክ አለው» ትል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ድርጅት በ2015 ዓ.ም. በተዘጋ ጊዜ የሆነውን ተመልከት። በእንግሊዝ አገር ሥራው ወደየአውራጃው ምክር ቤት ተላለፈ፤ የተላከውም ገንዘብ ለዚሁ ብቻ ይውል ዘንድ አልታሰረም። በዚያው ዓመት ስኮትላንድ የራሷን ድርጅት መሥርታ፥ ሲቀበሉ ለነበሩት መስጠቷን ቀጠለች።