በጉም ውስጥ ማን ለማን ይጠንቀቅ?

ከሐረር ተነሥቶ በባቢሌ በኩል ወደ ጅጅጋ የሚያደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማው ሳይደረስ የሚገኘው የካራማራ ተራራ በየካቲት 1970 ዓ. ም. ብርቱ ጦርነት የተደረገበት መሆኑን የማያውቅ የለም። ዛሬ ግን በዚያ በማርዳ መተላለፊያ የሚገናኙት ጦረኞች ሳይሆኑ መንገደኞች ናቸው። ከቶጎ ውጫሌ ጠረፍ ሸቀጥ ጭኖ የሚመጣው ባለተሳቢ መኪና፥ ሰው የሞላበት ሚኒባስ፥ የግመል መንጋና ውሃ የቀዳች እናት ሁሉም በአንድ አስፋልት ይተላለፋሉ። በሩቅ ሰሜን አገሮች በረዶ መንገዱን ሸፍኖ ትልቁንም ትንሹንም መኪና ያስጨንቃል። በእኛ ዘንድ በረዶ ባይኖርም፥ ጉም የወረደበት ዳገት ከዚያ የማያንስ ፈተና ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ መንገድ መጠንቀቅ የሚገባው ማን ነው? ብዙ ሰው «ትልቁ ይጠንቀቅ» ይላል። ይህም እውነትነት አለው። ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። በቁልቁለትም ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል ኀይሉ ስለሚደክም፥ ከባድ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ካልወረደ ማቆሙ ያስቸግራል። ሁለቱ ቢጋጩ ይልቁን የሚጎዳው ቀላሉ ነው። ስለዚህ የመጉዳት ችሎታ የበዛለት ሰው ግዴታም ይበዛበታል።

ነገር ግን ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ፥ ታናሹ በታናሽነቱ ተመክቶ እንዳሻው ሊሆን ነው። እኔም እንዲሁ ሆኜ አውቃለሁ።

አንድ ክረምት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ በትንሽ መኪና ስጓዝ፥ በማርዳ ዳገት ከአንድ ጭነት መኪና ኋላ ደረስሁ። ጉሙ ከፊተኛው መኪና የኋላ መብራት በቀር የሚያሳይ አልነበረም። ስብሰባው እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ጡሩምባዬን ነፋሁ። ሾፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ እንዳላልፍ ከለከለኝ። እንደ ገና ነፋሁ፤ እንደ ገና ከለከለኝ። «መንገዱን የገዛው ይመስል!» እያልሁ በልቤ ሰደብሁት። ወዲያው አንድ አውቶቡስ መብራቱን እንኳ ሳያበራ ከጉሙ ብቅ ብሎ በግራዬ አለፈ። እጄ በመሪው ላይ ተንቀጠቀጠ።

ጅጅጋ ስደርስ ያንኑ መኪና ከአንድ ሻይ ቤት ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ሾፌሩ ሽበት የወረሳቸው አዛውንት ነበሩ። «ጋሼ፥ አውቶቡሱን አይተው ስላዳኑኝ እግዜር ይስጥልኝ» አልኋቸው።

«የምን አውቶቡስ አየሁ ልጄ? ምንም አላየሁም ነበር። ስላላየሁ ነው የከለከልሁህ» አሉኝ።

ይህ ቃል ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰው ሌላውን የሚጠቅመው በሚያውቀው ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኒህ ሰው ግን የጠቀሙኝ አለማወቃቸውን ባለመደበቃቸው ነው። «እለፍ» ቢሉኝ ኖሮ ከጡሩምባዬም ከስድቤም ይገላገሉ ነበር፤ እኔም አመስግኜ ወደ ሞቴ በሄድሁ ነበር።

ወደ መሥሪያ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ራሴን መረመርሁ። ባለጉዳይ ሲያጣድፈኝ፥ የጉዳዩን መጨረሻ ሳላውቅ «ነገ ይፈጸምልሃል» ብዬ ያሰናበትሁት ስንት ጊዜ ነው? ይህስ ያላዩትን መንገድ «ክፍት ነው» ማለት አይደለምን? ያ ሰው በቃሌ ተማምኖ ከሩቅ አገር ተመልሶ ሲመጣና ነገሩን እንዳልተፈጸመ ሲያገኘው፥ አደጋው በእኔ ላይ ሳይሆን በእርሱ ላይ ወድቋል።

እንግዲህ የትልቁ ግዴታ ያላየውን «አላየሁም» ማለት ነው። የታናሹም ግዴታ ይህን ቃል በትዕግሥት መቀበል ነው፤ ጡሩምባው የማያርፍ ሰው እውነተኛውን እንኳ ውሸት ሊያስለምደው ይችላልና። ጉም በሰዓቱ ይገፈፋል። እስኪገፈፍ ድረስ ግን በአንድ መንገድ የምንሄድ ሁሉ፥ ትልቅም ሆንን ትንሽ፥ የምንተማመነው አንዳችን ለሌላው በምንሰጠው ምልክት ብቻ ነው።