አፍ ይዘጋ ወይስ ሐሰት ይከሰስ?

ሐሰት የሚነዛን ሰው ዝም ማሰኘት ተገቢ ነውን? ተብሎ ቢጠየቅ ከመካከላችን «አይደለም» የሚል ጥቂት ነው። ነገር ግን ዝም አሰኚው ማን ይሁን? ሚዛኑስ በማን እጅ ይያዝ?

በ2015 ዓ.ም. የካቲት መባቻ፣ በቤተ ክርስቲያናችን በተነሣው ችግር ምክንያት ሰልፍ በተጠራበት ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌም ቆዩ። ያን ጊዜ የታገደው ሐሰተኛው ብቻ አልነበረም። የሲኖዶስን መግለጫ ለማንበብ የፈለገው ምእመን፣ በቴሌግራም ልብስ የሚሸጠው ነጋዴ፣ ልጇ ዓረብ አገር ያለችባት እናትም አብረው ታገዱ። (በቪፒኤን የሾለከ ነበረ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሾለከውም ሐሰተኛው ይመስለናል።)

በአንጻሩ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የፈጸመውም እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ሕግ ተከሳሹን በስሙ ይጠራዋል፤ እርሱም ቆሞ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ከመዝጋት ይልቅ ይህን እንመርጣለን። ይሁንና ኩባንያዎቹ ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሡ መታዘዛቸው ያሳስበናል፤ እውነቱን ከሐሰቱ መርምሮ ከመለየት ሁሉን ማንሣት ይቀላልና።

ታዲያ በአንድ ሌሊት ወሬ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው 24 ሰዓት ራሱ ረጅም ነው። በእርሱ ፊት ቆመን ስለ ነፃነት ብንናገር ምን ይለናል? በመጪው እሑድ በጉባኤያችን እንነጋገርበት።