ያረጀውን መውደድ፣ የወደዱትን ማደስ

በየቤታችን ልንጥለው የማንደፍረው፣ ልንገለገልበትም የማንችል አንድ አሮጌ ዕቃ አይጠፋም። የአባት የእጅ ሰዓት፣ የእናት የስፌት መኪና ወይም የአያት በርኖስ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ከቆመ ዘመን የለውም፤ መኪናዋ ክር ትበጥሳለች፤ በርኖሱን ብል በልቶታል። እንሳሳለታለን፤ ነገር ግን ከሣጥኑ አናወጣውም። ከዚህ ላይ በቀላሉ የማይታለፍ ጥያቄ ይነሣል። ያረጀን ነገር መውደድ ማለት እንደ ነበረ ማስቀመጥ ነውን? ወይስ እያደሱና እያሻሻሉ በተፈጠረለት ሥራ ላይ ማዋል? ስናድሰውስ ያ የወደድነው ነገር ያው እርሱ ሆኖ ይቀራልን?

ይህን ጥያቄ ለማሰላሰል የአንዲት አሮጌ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ታሪክ ይረዳናል። ሎኮሞቲቭ ስንል ፉርጎዎቹን የሚስበውን የባቡሩን ራስ ማለታችን ነው። አሠራሩ ለመረዳት አያስቸግርም። የድንጋይ ከሰል ይነድዳል፤ ቦይለር በሚባለው ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ውኃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም መንኰራኵሩን ያዞራል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

«ፍላይንግ ስኮትስማን»፣ ማለትም «በራሪው ስኮትላንዳዊ» የተባለችው ሎኮሞቲቭ በእንግሊዝ አገር በዶንካስተር ከተማ በ1923 ዓ.ም. ተሠርታ ወጣች። ንድፏን ያወጣው ናይጅል ግሬዝሊ የተባለ መሐንዲስ ነበር። በሜይ 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ከለንደን እስከ ኤድንብራ ከ630 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ የትም ሳትቆም ተጓዘች። ለዚህም ሲባል ከኋላዋ በተቀጠለው የከሰልና የውኃ መያዣ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ ተሠርቶ ስለ ነበር፣ ባቡሩ እየሮጠ ሳለ የደከሙት ነጂና እሳት አንዳጅ ወደ ኋላ አልፈው በሌሎች ይተኩ ነበር። በኖቬምበር 30 ቀን 1934 ዓ.ም. ደግሞ በሰዓት 100 ማይል፣ ይኸውም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠች፤ ይህ ፍጥነት በይፋ የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭም ሆነች።

ይሁን እንጂ ይህች ዝነኛ ሎኮሞቲቭ ከሠሪዎቿ እጅ ፍጹም ሆና አልወጣችም። በ1925 ዓ.ም. የእርሷ ዐይነት ሎኮሞቲቮች ከሌላ የባቡር ኩባንያ ሎኮሞቲቮች ጋር ተፈትነው ነበር። የተወዳዳሪው ኩባንያ ሎኮሞቲቭ ያንኑ ሥራ በአነስተኛ ከሰል ፈጸመ። ግሬዝሊ ሥራዬ ተነካ ብሎ አላኰረፈም፤ እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው ቫልቭ ረዘም ያለ እንቅስቃሴ እንዲኖረው አድርጎ አሻሻለው፤ የከሰሉም ፍጆታ ቀነሰ። በ1947 ዓ.ም. ሎኮሞቲቯ የቀድሞውን 180 ፓውንድ የእንፋሎት ግፊት በ220 የሚተካ የተሻለ ቦይለር ተቀበለች። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የጭሱ መውጫ በጥንድ ተተካ። ይህም ኃይሏን ጨመረ፤ ነገር ግን ጭሱ እንደ ቀድሞው ወደ ላይ ተወርውሮ መውጣቱን ትቶ በጎኗ እየወረደ የነጂውን ዐይን ይጋርድ ጀመር። ስለዚህ በ1961 ዓ.ም. ነፋሱን አንሥተው ጭሱን ወደ ላይ የሚገፉ ሁለት ሰሌዳዎች ከፊቷ ግራና ቀኝ ተተከሉ። እንግዲህ ማሻሻል ሁልጊዜ ሌላ ኃላፊነት ይወልዳል። አንዱን ያቃና ሰው ከዚያ የሚከተለውን ለማቃናት ካልተዘጋጀ፣ ያሻሻለ ይመስለዋል እንጂ ጉዳቱን ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ማዛወሩ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስገርም ነገርም አለ። በአገልግሎት ዘመኗ ለከባድ ጥገና በገባች ጊዜ ቦይለሯ ይወርዳል፤ እርሱ እስኪጠገን እንዳትጠብቅ ቀደም ብሎ የተጠገነ የሌላ እኅት ሎኮሞቲቭ ቦይለር ይጫንባታል። ዛሬ የምትታየው ሎኮሞቲቭ አካሏ በብዙው በየዘመኑ የተለወጠ ነው። ታዲያ በ1934 ዓ.ም. የሮጠችው ሎኮሞቲቭ ይህችው ናት ማለት እንችላለንን?

ጥያቄው ከባቡር እጅግ ይቀድማል። ፕሉታርክ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ ለብዙ ዘመን ሲጠብቁ፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር። ፈላስፎቹም በሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን መርከቡ ያው ነው ሲል፣ ሌላው ያው አይደለም አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት ቶማስ ሆብስ የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጥያቄውን ይበልጥ አከበደው። አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሁሉ ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ቢገጥማቸው፣ ከሁለቱ መርከቦች እውነተኛው የትኛው ነው?

በእንግሊዝ አገር ይህ ሐሳብ በብረት ተሠርቶ ይታያል። በ1938 ዓ.ም. በሰዓት 126 ማይል፣ ማለትም 203 ኪሎ ሜትር ያህል በመሮጥ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘችው «ማላርድ» በዮርክ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም እሳቷ ጠፍቶ በክብር ተቀምጣለች። «ቶርኔዶ» የተባለችው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ተሠርታ ያለቀች ናት። የእርሷ ዐይነት 49 ሎኮሞቲቮች ነበሩ፤ ሁሉም በ1960ዎቹ ተቆራርጠው አንዲት እንኳ አልተረፈችም። ስለዚህ ወዳጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው፣ ቦይለሯን በጀርመን አገር አሠርተው፣ በጥንቱ ንድፍ መሠረት አዲስ ሠሩ። የመጀመሪያዋ ብረቷን ጠብቃ ሥራዋን ተወች፤ ሁለተኛዋ የጥንት ብረት ሳይኖራት የጥንቱን ሥራ ትሠራለች። ፍላይንግ ስኮትስማን በሁለቱ መካከል ናት፤ እየተለወጠች ኖራለች፣ ኖራም ተለውጣለች።

ከሦስቱ የትኛው ፍቅር ይበልጣል? ለመፍረድ አንቸኵል። የማላርድ ጠባቂዎች አላጠፉም። አንዳንድ ነገር ምስክር ነው፤ ምስክርም እንዳይለወጥ መጠበቅ ይገባዋል። ሰነድ የሚጠብቅ ሰው ቃሉን አሳምሬ ልጻፈው ቢል ሰነዱን ያጠፋዋል። ሁሉም እንዲሁ ከተቀመጠ ግን፣ ሎኮሞቲቭ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ትውልድ አይኖርም። የእሳቱን ግለት ፊቱ ላይ ያልተሰማው፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ያልቆመ ልጅ የሚያየው ብረት ብቻ ነው።

ፍቅርም ራሱ መፈተን አለበት። ፍላይንግ ስኮትስማን በ1963 ዓ.ም. ከአገልግሎት በተገለለች ጊዜ አለን ፔግለር የተባለ ነጋዴ በ3,000 ፓውንድ ገዝቶ ከመቆራረጥ አዳናት። ወዲያውም በልጅነት ዘመኑ የሚያውቃትን መልክ መለሰላት፤ የቀድሞውን ቀለምና ቁጥር ሰጣት፣ የጭሱ መውጫም እንደ ጥንቱ ነጠላ ሆነ። ውስጧ ግን በ1947 ዓ.ም. የተሻሻለው ነበር። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ራሳችንን ግን እንጠይቅ። የምንወደው ዕቃውን ነው ወይስ የራሳችንን ትዝታ? አሮጌ ነገር ስናድስ ብዙ ጊዜ የምናድሰው ወጣትነታችንን ነው። ፔግለር በ1969 ዓ.ም. ሎኮሞቲቯን ወደ አሜሪካ ወሰዳት፤ ጉዞው አልሆነለትም፣ በ1972 ዓ.ም. ለኪሳራ ተዳረገ። በ1973 ዓ.ም. ዊልያም ማካልፓይን የተባለ ሌላ ባለሀብት ገዝቶ ወደ አገሯ መለሳት። የአንድ ሰው ፍቅር ብቻውን የማይሸከመው ሸክም እንዳለ ይህ ታሪክ ያስተምራል።

በ2004 ዓ.ም. ብሔራዊው ሙዚየም ከሕዝብ በተዋጣና ለቅርስ ከተመደበ ገንዘብ ገዛት። ከ2006 እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ የቆየው እድሳት 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ፈጀ። በፌብሩዋሪ 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ዮርክ ስትጓዝ የቀድሞ ልብሷን አልለበሰችም፤ ጥንድ የጭስ መውጫዋንና ሰሌዳዎቿን እንደ ያዘች፣ በመጨረሻው የአገልግሎት ዘመኗ ቁጥርና አረንጓዴ ቀለም ወጣች። ውስጧና ውጪዋ አንድ ነገር ተናገሩ። ዛሬ በዋናው ሐዲድ ለመሄድ የሚያስፈልጉ የደኅንነት መሣሪያዎችም ተገጠሙላት። አሮጌነቷ ለተሳፋሪው ሕይወት ከመጠንቀቅ ነጻ አያወጣትምና፣ ይህን ማሻሻያ ማንም ውበቷን ጎዳ ሊል አይገባም።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀርባል። የሚበላ ያጣ ሰው በዓለም ሞልቶ ሳለ፣ ይህን ያህል ገንዘብ በአሮጌ ብረት ላይ ማፍሰስ ተገቢ ነውን? ተቃውሞው ቀልድ አይደለም፤ በቀላል መልስም አይዘጋም። እድሳቱ ለባለቤቱ መኵራሪያ ብቻ ከሆነ ተቃዋሚው እውነት አለው። ሥራው በሰው ላይ የሚጨምረው ነገር ካለ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ምን ይጨምራል ብሎ ለሚጠይቅ፣ ከእንግሊዝ አገር ወጥተን ወደ ቅርባችን እንመልከት።

ከምጽዋ እስከ አሥመራ 118 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የባቡር መስመር በጣሊያኖች ዘመን ተሠርቶ በ1911 ዓ.ም. አሥመራ ደርሶ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ እየተነቀለ ለምሽግ ዋለ፤ ሎኮሞቲቮቹም ለዝገት ተተዉ። በ1994 ዓ.ም. መልሶ የመገንባቱ ሥራ ሲጀመር፣ በ1930ዎቹ የተሠሩትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሊያስነሣ የሚችል ዕውቀት በአንድ ስፍራ ብቻ ተገኘ፤ ጡረታ በወጡት አዛውንት የምድር ባቡር ሠራተኞች እጅ ውስጥ። ተጠሩ፤ መጡም። ቤት የዋሉ፣ ሥራችን አበቃ ያሉ ሽማግሌዎች ማሽኖቹን መልሰው አስነሡ። መስመሩ በ2003 ዓ.ም. እንደገና አሥመራ ደረሰ። እነዚያ ሎኮሞቲቮች ሲታደሱ ክብራቸው የታደሰላቸው ሰዎች ነበሩ።

በእኛም አገር በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር ሥራውን የጀመረው በእንፋሎት ነበር፤ በ1950ዎቹም ለናፍጣ ሞተር ስፍራውን ለቀቀ። ፍላይንግ ስኮትስማን ወደ ሐዲድ በተመለሰችበት በዚያው በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ተመረቀ። ለአገር የሚበጅ ነውና በአዲሱ ደስ ይለናል። ነገር ግን በድሬዳዋ የባቡር መጠገኛ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ቫልቭ እያስተካከሉ ያረጁት አባቶች የሚያውቁትን ማን ተቀበላቸው? «ለገሃር» የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው ቃል ተወስዶ በአፋችን ቀርቷል፤ የእጁ ሙያ ግን እንደ ስሙ በአፍ አይቀርም። ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ፍላይንግ ስኮትስማንን ያችው እርሷ የሚያሰኛት ያልተለወጠ ብረቷ አይደለም፤ ብረቷማ ተለውጧል። ያችው የሚያሰኛት የተሠራችበት ዓላማና ያልተቋረጠው የጥበቃ ሰንሰለት ነው። አንዱ ጠጋኝ የተቀበለውን ለሌላው አሳልፎ ሰጥቷል፤ እያንዳንዱም የለወጠውን ለመለወጥ በቂ ምክንያት ሊኖረው፣ የለወጠውንም ሊደብቅ አልተገባውም። ከዚህ ሁለት መመዘኛ እናገኛለን። አንደኛው፣ ለውጡ ነገሩ የተፈጠረለትን ሥራ ያገለግላልን? ሁለተኛው፣ ለውጡ እውነቱን ይናገራልን? ሁለቱን የሚያሟላ ማሻሻል ከፍቅር የሚቈጠር ነው፤ አንዱ የጐደለው ወይ ቸልተኝነት ነው፣ ወይ ራስን ማታለል።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ያን የቆመውን የአባትህን ሰዓት ከሣጥኑ አውጣው። ወደ ሰዓት ጠጋኙ ስትወስደው ግን ልጅህንም አስከትል፤ ሽማግሌው ጠጋኝ መነጽሩን አድርጎ ክዳኑን ሲከፍት ልጁ ቀርቦ ይመልከት። ምናልባት ሰዓቱ አዲስ ማገር ያስፈልገው ይሆናል፤ ይደረግለት። ሰዓቱ መልሶ ቢቆጥር መልካም ነው፤ ልጁ እንዴት እንደሚቆጥር ቢያውቅ ግን ከዚያ ይበልጣል።