ድል ወይስ ዳኝነት?

ሽንፋ ላይ ሰሊጥ አጫጆች በቀትር ከዛፍ ጥላ ሥር ጉድጓድ ምሰው ገበጣ ይጫወታሉ። አንዱ የተሳሳተ እንደ ሆነ «መልስ!» ይባላል፤ ይመልሳል፤ አለቀ።

ጥር 2017 ዓ.ም. ኮሪያ ውስጥ በተደረገው የኤልጂ ዋንጫ የጎ ጨዋታ ፍጻሜ፣ ቻይናዊው ኬ ጂዬ የማረካቸውን ጠጠሮች በክዳኑ ላይ ባለማኖሩ ሁለተኛውን ግጥሚያ ተነጠቀ። በሦስተኛውም ሲቀጣ «አልጫወትም» አለ፤ ዋንጫው ለኮሪያዊው ብዮን ሳንግኢል ሆነ።

ደንቡ እኮ ከንቱ አይደለም፦ በኮሪያ አቆጣጠር ምርኮ ነጥብ ስለ ሆነ ባላጋራ ሊያየው ይገባል፤ በቻይና አቆጣጠር ግን ምርኮ አይቆጠርም። ታዲያ ብዮን አሸነፈ እንበል? እኔ እንጃ፤ ያላሸነፈ ይመስለኛል።

ግን ምን አፍ አለኝ? በአንድ የአጨዳ ወራት፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ተሳስተው በእኔ ጉድጓድ የጣሏትን ትርፍ ጠጠር እያየሁ ዝም ብዬ ረታኋቸው። ብዮን እንኳ የሚያሳብብበት ዳኛ አለው።