ሆዱ የተለወጠ ሬዲዮ

አንድ ዕቃ ተጠገነ የምንለው መቼ ነው? ተለወጠ የምንለውስ? ጥያቄው የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ካቻቢቴና ካውያ ይዤ አሮጌ ሬዲዮ በፈታሁ ቁጥር ያጋጥመኛል።

የምኖረው ባኮ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። አየሩ ሞቃት ነው፤ ዝናቡም ብዙ። በዚህ ወበቅ ሬዲዮ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ያረጃል። የድንጋይ ማስቀመጫው ሽቦ ይዝጋል፤ ካፓሲተር የሚባለው ክፍል በሆዱ የያዘው ፈሳሽ እየደረቀ ድምፁ ይሰልላል። ለእንጀራዬ ሌላ ሥራ አለኝ፤ ማታ ማታ ግን ሰው ሞተ ያለውን ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም ደስታዬ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ሬዲዮ ጥልፍ ልብሱን እንደለበሰ ይዘውልኝ መጡ። ስከፍተው ቦርዱ ተበልቷል፤ ትራንዚስተሮቹም ከጀርማኒየም የተሠሩ የጥንት ዓይነት ናቸውና ምትካቸው በቅርብ አይገኝም። ቀላሉ መንገድ በገበያ የሚሸጠውን፣ ሜሞሪ ጭምር የሚያጫውተውን ርካሽ ቦርድ በአሮጌው ሳጥን ውስጥ መግጠም ነው። ድምፁ ከቀድሞው ይጠራል፤ እርሳቸውም ካልተነገራቸው አያውቁም። ታዲያ ማን ተጎዳ?

ተመሳሳዩን ጉዳይ የጥንት ግሪኮች በመርከብ አንስተውታል። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴውስን መርከብ ሳንቃው በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ እየተኩ አቆዩት፤ ፈላስፎችም «ያው ነው»፣ «አይደለም» እያሉ ተከራከሩበት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን አከረረው፤ አንድ ሰው የወለቁትን አሮጌ ሳንቆች ሰብስቦ እንደነበሩ ቢገጥማቸውስ? እውነተኛው መርከብ የትኛው ሊሆን ነው? በእኔም ጠረጴዛ ላይ ሳጥኑ በአንድ ወገን፣ የወለቀው ቦርድ በሌላ ወገን ተቀምጠው ነበር።

የአገራችን ታሪክ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳየናል። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወረሰው። በየቤቱ ያለው ሬዲዮ አንዲት ሽቦው ሳትነካ፣ የሚወጣው ድምፅ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ሆኖም ስሙ አብሮ ስለተለወጠ አድማጩ ማንን እንደሚሰማ ያውቅ ነበር። እንግዲህ ዕቃው ሳይለወጥ ነገሩ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ ዕቃው ተለውጦም ነገሩ ሊቀጥል ይችላል ማለት ነው። መልሱን በሽቦና በሳንቃ ውስጥ ብቻ ብንፈልገው አናገኘውም።

በእኔ እምነት «ማን ተጎዳ?» የሚለው ክርክር ጉዳትን በጆሮ ብቻ ይለካል። እኚያ እናት ባለቤታቸው የተዉላቸውን መስሏቸው እኔ ከገበያ የገዛሁትን ቢያቅፉ፣ ትዝታቸውን ያለ ፈቃዳቸው ቀየርኩባቸው ማለት ነው። የመጠገን ችሎታ በሰው ንብረት ላይ የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም።

ስለዚህ «እማማ፣ ሳጥኑ ይቀራል፤ ሆዱ ግን ይለወጣል። የትኛው ይሻልዎታል?» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው፣ «ድንጋዩንማ እሱም ስንት ጊዜ ቀይሮታል!» አሉኝ። «ቀይረው ልጄ። አሮጌውን ግን እንዳትጥልብኝ፤ በጨርቅ ጠቅልለህ ስጠኝ።»

ሁለቱንም ይዘው ሄዱ። ፈላስፎቹ አንዱን ለመምረጥ ሲከራከሩ፣ እርሳቸው መምረጥ አላስፈለጋቸውም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃሉና።

ከአባቶቻችን የወረስነው ቤትም ሆነ ዕድር፣ ሥርዓትም ሆነ ልማድ፣ ጊዜ ውስጡን ያደርቀዋልና መለወጡ አይቀርም። መለወጥ በራሱ ክህደት አይደለም። ክህደት የሚሆነው ባለቤቱ ሳያውቅ አዲሱን ሆድ በአሮጌው ሳጥን ስም ስንሰጠው ነው።